የመሐላው ዋርካ

የከተማዋን ስም አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «እኔም የዚያ አገር ሰው ነኝ» ብላችሁ ደረታችሁን ትነፋላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ደግሞ የባለታሪኮቹን ዘር ማንዘር ስትቆጥሩ ታመሻላችሁ፤ ቁም ነገሩ እዚያው ይቀራል። ጥንታዊት ከተማ ነበረች። መስጂዷ በድንጋይ የታነጸ፣ ጁምዓ ጁምዓ ከየገጠሩ ሰው የሚጎርፍባት፣ ደረሳዎች ኪታብ በብብታቸው ይዘው የሚርመሰመሱባት ከተማ። ይህ ይበቃችኋል።

በዚያች ከተማ ሸህ ዘይኑ የሚባሉ ቃዲ ነበሩ። ቀጠን ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሽማግሌ ናቸው። ፊቅሁን፣ የሸሪዓውን ሕግ፣ ቀርተው የተማሩት «ትልቁ ሸህ» ከሚባሉት ዓሊም ዘንድ ነው። ትልቁ ሸህ፣ አሏህ ይዘንላቸውና፣ ካለፉ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስማቸው ግን አላለፈም። ሰዎች ተከራክረው ተከራክረው አንዱ «ትልቁ ሸህ እንዲህ ብለዋል» ካለ ክርክሩ ያልቃል። ሸህ ዘይኑ የእሳቸውን ቦታ የወረሱ ተማሪያቸው ናቸው፤ ስማቸው ሲነሳ ዛሬም ዓይናቸው እንባ ያቀራል። ይህን ፍቅር አስቡልኝ፤ ፈተናው የመጣባቸው ከዚሁ ነውና።

አንድ ቀን ሸህ ዘይኑ ለኒካህ ወደ ገጠር ተጠሩ። የምትዳረው ሰዓዳ የምትባል ልጅ ናት። አባቷ ይመር በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው፣ ሰላቱን ይሰግዳል፤ ልጁን መዳር ግን አይችልም። መቼም ኒካህ ያለ ወሊይ አይታሰርም። ወሊይ ማለት ልጅቱን ወክሎ «ድሬልሃለሁ» የሚለው ሰው ነው፤ ከሁሉም በፊት አባቷ ማለት ነው። በዚያ አገር በሚሠራበት የሸሪዓ መዝሀብ ደግሞ ወሊዩ ቃሉ የሚታመን ሰው መሆን አለበት። በሐሰት የማለ ሰው ፋሲቅ፣ ቃሉ የማይታመን ኃጢአተኛ፣ ነውና ወሊይም ምስክርም አይሆንም። ይመር በሐሰት ምሏል ተብሎ የተፈረደበት ሰው ነበር። ወንድም የለው፣ አጎት የለው። ወሊይ የሌላት ልጅ ወሊይዋ ቃዲው ነው። እናም ሸህ ዘይኑ አባቷ ቆሞ እያየ የአባቷን ቦታ ተክተው ሊድሯት መንገድ ጀመሩ።

የይመር ነገር የቆየ ነው። ሁለት መንደሮች በግጦሽ ወሰን ተጣልተው ዱላ ተማዘው ነበር። ጉዳዩ ትልቁ ሸህ ዘንድ ቀረበ። ይመር ያኔ ጎልማሳ ነው፤ ለመንደሩ ምስክር ሆኖ ቁርአን ይዞ ማለ። «ወሰኑ ከወንዙ ወዲህ ያለው ትልቁ ወይራ ነው። ልጅ ሆኜ አባቴ እጄን ይዞ አሳይቶኛል» አለ። ትልቁ ሸህ የታመኑ ሰዎች ላኩ። ሰዎቹ ሄደው አይተው ተመለሱ። «ያለው ዋርካ ነው። ወይራ የሚባል ነገር የለም፤ ጉቶውም የለም» አሉ። ይመር ራሱ ተወስዶ እንዲያይ ተደረገ። ከዋርካው ፊት ለፊት ቆሞ ግራ ተጋባ። «ቦታው ይኸው ነው። ዛፉ የት እንደሄደ ግን አላውቅም» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ዛፍ መቼም እግር የለው።

ትልቁ ሸህ ፈረዱ። «በሐሰት ምለሃል። ተውባ አድርግ፤ ዋሽቻለሁ በል፤ ቃልህ ይመለስልሃል» አሉት። ሰውየውን ሊያዋርዱ ፈልገው አይደለም፤ በሩን ክፍት አድርገው ነው የፈረዱት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ይመር ግን «ሸሃችን፣ አልዋሸሁም። ዋሽቻለሁ ብል ነው የምዋሸው» ብሎ እምቢ አለ። ሰዎቹ «ድርቅናው አይጣል ነው» አሉ።

ሁለቱ መንደሮች ውለው አድረው ግጦሹን በስምምነት ተካፈሉት፤ ልጆቻቸውንም አጋቡ። ይመር ግን እንደተፈረደበት ቀረ። ምስክር ሲፈለግ ይታለፋል፤ አማና ብሎ አደራ የሚያስቀምጥበት የለም፤ ወግ ሲያወራ እንኳ ሰው እርስ በርሱ ይጠቃቀሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ። አንዲት ቃል ብትናገሩ የሚወርድላችሁን ሸክም ሃያ ዓመት ተሸክማችሁ ስትዞሩ እስቲ አስቡት። እኔ ብሆን በሳምንቴ ብያት አርፌ ነበር፤ እናንተም ብትሆኑ እንዳትመጻደቁ።

ወደ መንገዱ ልመልሳችሁ። ሸህ ዘይኑ በበቅሎ፣ ከጎናቸው ሐጂ ጀውሃር በበቅሎ ይሄዳሉ። ሐጂ ጀውሃር የደረሳነት ጓደኛቸው ናቸው። አንድ ሰሌን ላይ ኪታብ ቀርተው፣ ከአንድ ገበታ በልተው ስላደጉ ሸምግለውም አንተ ይባባላሉ። ሐጂ ጀውሃር ለትልቁ ሸህ ያላቸው ፍቅር ከሸህ ዘይኑ ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

የቀትሩ ሰላት፣ ዝሁር፣ ሲቃረብ ወንዙን ተሻገሩና ዋርካው ከፊታቸው ብቅ አለ። ይህን ታሪክ የነገሩኝ ሰዎች የዛፉን ትልቅነት ለማሳየት እጃቸውን ዘርግተው ዘርግተው ሲያቅታቸው ይተዉታል። ጥላው ገበያ ሙሉ ሰው ከነከብቱ ያሳርፋል። ግንዱ ደግሞ አንድ ወጥ ግንድ አይደለም። ከላይ የወረዱ ሥሮች መሬት ገብተው ወፍረዋል፤ ጭነት እንደሚታሰርበት ገመድ እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ አንዱ አንዱን አጥብቆ ይዞ ሽቅብ ይወጣሉ። ፍሬው የደረሰበት ወቅት ስለነበር ወፎቹ ከላይ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላሉ። ሸህ ዘይኑ አንገታቸውን ቀና አድርገው ብዙ አዩት። «ሱብሃነላህ» አሉ ለራሳቸው።

«እዚህ እንኳ አንወርድም» አሉ ሐጂ ጀውሃር። «የመሐላው ዋርካ እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገደኛ ከሥሩ አያርፍም፤ ስለ እሱ በሐሰት የተማለበት ቦታ ነው ብሎ ሰው ይሸሸዋል።»

«ጥላው ምን አጠፋ? ሰላት ደርሷል» አሉና ሸህ ዘይኑ ወረዱ።

ከቅላቸው ውሃ ቀድተው ዉዱእ ሊያደርጉ ሲሉ ኪሳቸውን ዳበሱ። ሸህ ዘይኑ ጥርሳቸውን ሳይፍቁ ሰላት አይጀምሩም፤ የነቢዩ ሱንና ነው፣ ዐለይሂ ሰላም። የዚያን ዕለት መፋቂያቸውን ረስተው ነው የወጡት።

«ሙሽራው መፋቂያ የረሳ ቃዲ አይቶ ኒካሁን እንዳይተወው» ብለው ሐጂ ጀውሃር ቀለዱባቸው።

ሸህ ዘይኑ ፈገግ ብለው ዋርካውን መዞር ጀመሩ። በወዲያኛው ጎን፣ ሁለት ሥሮች ከተጣበቁበት ስንጥቅ፣ ደረታቸው ከፍታ ላይ አንዲት ቀጭን ቀንበጥ ወደ ብርሃኑ ብቅ ብላለች። ብዙም ሳያስቡ ቀነጠሷት፣ ጫፏን አኘክ አኘክ አደረጉና ጥርሳቸውን ይፍቁ ጀመር። ወዲያው እጃቸው ቆመ። ምሬቱን ያውቁታል። ዕድሜ ልካቸውን ጧት ማታ አፋቸው ውስጥ የኖረ ምሬት ነው።

«ጀውሃር፣ ና እስቲ ይህችን ቅመስ።»

ሐጂ ጀውሃር ቀመሱ። «ወይራ ነው። አገኘህ እንዴ? ከየት አመጣኸው?»

«ከዋርካው ውስጥ።»

ሐጂ ጀውሃር መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ወፍ የጣለው ዘር ይሆናል። ዓምና የበቀለ ችግኝ ይሆናል እንጂ» አሉ።

ሸህ ዘይኑ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ትከሻቸው ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ሸካራ ልጥ ነካ። የዋርካ ልጥ እንዲህ አይሻክርም። ወደ ላይ ዳበሱ፣ ወደ ታች ዳበሱ፣ ማለቂያ የለውም። ቢላዋቸውን አውጥተው ትንሽ ፋቁት፤ ሽታው ወጣ። የወይራን ሽታ የሚሳሳት ሰው በዚያ አገር አልተወለደም። ሁለቱም ሽማግሌዎች ፊታቸውን ሥሩ ላይ ለጥፈው በስንጥቁ ሲመለከቱ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ጥቁር የወይራ ግንድ ዋርካው ሆድ ውስጥ ቆሟል። አብዛኛው ደርቋል። በአንድ ጎኑ ግን ዛሬም ሕይወት አለው፤ ያችን ቀንበጥ ወደ ውጪ የሰደዳት እሱ ነው።

«ይህ ዓምና የበቀለ ነው?» አሉ ሸህ ዘይኑ። «ይህ በአባቶቻችን ዕድሜም የበቀለ አይደለም።»

የሆነው ይህ ነው። ወፍ የዋርካ ፍሬ በልታ ወይራው ቅርንጫፍ ላይ ጣለችው። ዘሩ እዚያው ላይ በቀለ፣ ሥሩን ቁልቁል ላከ፣ መሬት ሲያገኝ ጉልበት አገኘ፣ ከዚያ ወይራውን አቅፎ አቅፎ ዋጠው። ይመር ልጅ ሆኖ ያየው ወይራውን ነው። ከዚያ ወዲህ በወሰኑ ጠብ የተነሳ ከሁለቱ መንደር ወደዚያ የሚደርስ አልነበረም፤ ወይራውን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም አልፈው ነበር። ጎልማሳ ሆኖ በማለ ጊዜ ከፊቱ የቆመው ዋርካው ነው። የተላኩት ሰዎች አልዋሹም፤ ዋርካ አዩ፣ ዋርካ አሉ። ትልቁ ሸህም በቀረበላቸው ምስክር ፈረዱ። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ዞር ብሎ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

ሐጂ ጀውሃር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው ልመና ነበር። «ዘይኑ፣ ተወው። ልጅቱ እንደሆን በአንተም ትዳራለች፤ ኒካሁ አይፈርስም። ይመርም ለምዶታል። ሸሃችን ግን ከቀብራቸው ወጥተው ለራሳቸው መልስ አይሰጡም። ዛሬ አንተ፣ የገዛ ተማሪያቸው፣ ተሳስተዋል ብትል ነገ እሳቸው የፈረዱበት ሰው ሁሉ አቤት ይላል። የስንት ዘመን ክብራቸውን በአንዲት ቀንበጥ ልታፈርሰው ነው?»

አትፍረዱባቸው። የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ሸህ ዘይኑም ቢሆኑ ፈሩ። የሚወዱትን ሰው ስም በገዛ አፋቸው ዝቅ ማድረግ ነው የቀረበላቸው። ያዩት ደግሞ እሳቸውና ወዳጃቸው ብቻ ናቸው። ስንጥቁን ትተው ቢያልፉ ማንም አይጠይቃቸውም። ተነስተው ሰገዱ፤ ሱጁዳቸው ረዘመ። ሰላታቸውን ጨርሰው ሲያሰላምቱ ጢማቸው ረጥቧል።

«ጀውሃር» አሉ። «እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ነገ አሏህ ፊት ይመር ሸሃችንን ይዞ ስሜን መልሱልኝ ይላቸዋል። የሰው ሐቅ ነው፤ ሰውየው ካላለፈላቸው አይታለፍም። እዚህ ልንከፍልላቸው እየቻልን እዚያ ይጠየቁ?»

ሐጂ ጀውሃር ተነስተው የሸህ ዘይኑን በቅሎ ልጓም ያዙላቸው።

መንደሩ ሲደርሱ ዳሱ ሞልቷል። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ተቀምጧል፤ የሁለቱም መንደር ሽማግሌዎች መጥተዋል፤ ሴቶቹ እልፍኝ ውስጥ ሙሽራዋን ከበው ያንጎራጉራሉ። ይመር በገዛ ግቢው ከዳሱ ውጪ፣ አጥሩ ጥግ ተቀምጧል። ቃዲውን ሲያይ ተነሳ። ወደ መሃል ገባ። ፀጉሩ ሸብቷል።

«ሸሃችን፣ ከኒካሁ በፊት አንዴ ልናገር» አለ። «ሃያ ዓመት እምቢ ያልኩትን ዛሬ እላለሁ። ለራሴ ቢሆን ይዤው እቀበር ነበር። ልጄን ግን እኔ አባቷ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው ሲድራት ማየት አቃተኝ። ተውባ አደርጋለሁ። ያኔ ስለ ወይራው በማልኩ ጊዜ እኔ…»

«ይመር፣ እንዳትጨርሳት» አሉ ሸህ ዘይኑ።

ይመር አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ሃያ ዓመት የጠበቅኸውን አፍ በመጨረሻው ሰዓት በእኔ ፊት አታበላሸው። አልዋሸህም። ወይራው አለ። ዋርካው ውጦት ነው እንጂ አለ። በዚህ እጄ ዳስሼዋለሁ፤ በዚህ አፌ ቀምሼዋለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሸሃችን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ትልቁ ሸህ የፈረዱትን ነው የሚያፈርሱት?»

«አዎ» አሉ።

ሌላ ነገር አልጨመሩም። ሰዉ ተንሾካሾከ። አንዳንዱ ፊቱን አጠቆረ። ሸህ ዘይኑ ዱላቸውን አነሱ።

«በእኔ ቃል እመኑ አልልም። ያኔም ሰው ተልኮ፣ የተላከው ታምኖ ነው ይህ የሆነው። ዛሬ የሚላክ የለም። ሁላችሁም ተነሱ።»

እንዲህ ያለ ሠርግ ከዚያ በፊትም አልታየም፣ ከዚያም ወዲህ አልሰማሁም። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ሽማግሌው፣ ወጥ ስታማስል የነበረችው ሳትቀር ቁልቁል ወደ ወንዙ ወረደ። ሴቶቹ ሙሽራዋን በመሃላቸው አድርገው ተከተሉ። ሃያ ዓመት ሰው ሲሸሸው የኖረው ዋርካ በአንድ ጊዜ ጥላው በሰው ተሞላ። ተራ በተራ እየቀረቡ እጃቸውን ስንጥቁ ውስጥ ከተቱ። እጁን የከተተ ሁሉ ሲመለስ አንገቱን ደፍቶ ነው። ያኔ ከተላኩት መካከል በሕይወት የቀረ አንድ ሽማግሌ ነበር። ዓይኑ ደክሞ ሰው እየመራው መጣ፤ ዳሰሰው፣ እጁን አሸተተው፣ ከዚያ ዞሮ ይመርን ፈለገ። «አውፍ በለኝ። ዞር ብዬ አላየሁም» አለው።

«እኔስ መቼ አየሁት» አለ ይመር። «ፊቱ ቆሜ አጣሁት እኮ። አውፍ ብያለሁ።»

ይመር ራሱ መጨረሻ ላይ ቀረበ። ክንዱን አስገባ። ግንባሩን ሥሩ ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ሁሉም ምን እንደሚል ይጠብቃል። ሰውየው ሃያ ዓመት የሚለው ነገር አከማችቶ ይሆናል ብለው ነው። እሱ ግን «አለ» አለ። ይህችን ብቻ። ከዚያ አለቀሰ፤ ሰውም አብሮት አለቀሰ፤ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ የጠረጉት የመጀመሪያው ሰው ሐጂ ጀውሃር ናቸው።

ሸህ ዘይኑ ሁለት ምስክሮች ወደ ሙሽራዋ ላኩ፤ ደንቡ ነው፤ ወሊይዋን ከራሷ አፍ ይሰማሉ። ጧት ተጠይቃ ቢሆን «ቃዲው» ማለት ነበረባት። ምስክሮቹ ቀርበው «ወሊይሽ ማን ነው?» አሏት።

«አባቴ ነው» አለች ሰዓዳ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ለእኔ ዱሮም እሱ ነበር።»

ዋርካው ሥር ሰሌን ተነጠፈ። ሸህ ዘይኑ ኹጥባውን አነበቡና ከቃዲው ቦታ ተነስተው ከምስክሮቹ ጎን ተቀመጡ። ይመር የሙሽራውን እጅ ያዘ። «ልጄን ሰዓዳን በአሏህ ኪታብና በመልእክተኛው ሱንና ድሬልሃለሁ» አለ። ከኋላ የቆሙት ሁሉ ሰሙት። ሙሽራው «ተቀብያለሁ» አለ። ሴቶቹ እልልታውን ሲለቁት ወፎቹ ከዋርካው ላይ ብር ብለው ተነሱ ይባላል። ዱዓው ሲደረግ ይመር ከሁሉ ቀድሞ ያነሳው የትልቁን ሸህ ስም ነው። «ያ ረቢ፣ እኔ አልፌላቸዋለሁ፤ አንተም እለፍላቸው» አለ። አሚኑ ዳገቱን ዞሮ ተመለሰ።

ሲመለሱ ሐጂ ጀውሃር መንገድ ላይ አላስቻላቸውም። «ዘይኑ፣ ሸሃችን ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሉህ ነበር?»

ሸህ ዘይኑ በቅሏቸውን ሳያቆሙ መለሱላቸው። «ከእኔ ቀድመው ይደርሱ ነበር።»

ይህችን መልስ ከሰማሁ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳሰብኳት። ሐጂ ጀውሃር የሸሃቸውን ክብር ሊጠብቁ ስሕተታቸውን መሸፈን ፈለጉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ሳያውቀው የሚወደውን ሰው ያሳንሰዋል፤ ሐቅ ብትነገረው አይሸከማትም እያለ ነው። ሸህ ዘይኑ ግን ሸሃቸው ሐቁን ቢሰሙ ጫማቸውን ሳያጠልቁ ወደ ይመር ደጅ እንደሚሮጡ አልተጠራጠሩም፤ ከእሳቸው የቀሩትም ይህንኑ ነው። እኛ የአባቶቻችንን፣ የኡስታዞቻችንን፣ የጀማዓችንን ስም እንጠብቃለን ብለን የስንቱን ይመር አፍ ዘግተናል? ተነስተን ዞር ብለን እናያለን ወይስ የተላከው ይበቃናል? የሞቱት ወዳጆቻችን ከእኛ የሚፈልጉት ውዳሴ አይደለም። ውዳሴ እዚያ አይጠቅማቸውም። የሚጠቅማቸው አንድ የተበደለ ሰው እጁን አንስቶ «እኔ አልፌላቸዋለሁ» ሲል ነው፤ ሸህ ዘይኑ በዚያ ቀን ለሸሃቸው ያስገኙላቸው ይህንን ነው።